ሳይሰሙ ማባረር፦ የስድስት ኪሎ ተማሪ መብትና ግዴታ ታሪክ

በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የተማሪው ቁጥር መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ኮሌጁን የሚመሩት፣ ቀደም ሲል የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ማትና ባልደረቦቻቸው ሃይማኖት እንዳይሰብኩ አደራ ስለነበረባቸው የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደማንኛውም መምህር በሱፍ ልብስ ነበር የሚያስተምሩት። የተማሪው ምግብም፣ መኝታም፣ ትምህርትም በመንግሥት ወጪ ነው። በምላሹ የሚጠበቅበት መታዘዝ ነበር፤ በሰዓቱ መግባት፣ በሰዓቱ መተኛት፣ የተባለውን መፈጸም። የተማሪዎች ምክር ቤት የሚባል ነገር ቢኖርም የመጨረሻው ቃል የአስተዳደሩ ነበር።

ኮሌጁ አባት፣ ተማሪው ልጅ ነበር ማለት ነው። አባት ልጁን ከቤት ቢያስወጣ ደግሞ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም።

ይህ አገር ግን ሙግት የማያውቅ አገር አይደለም። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ዳኘን» የሚሉበት፣ ተከሳሽ ዋስ ጠርቶ፣ ነጠላውን አደግድጎ «በላ ልበልሃ» እያለ የሚሟገትበት፣ የተረታም ይግባኝ እያለ እስከ ዙፋን ችሎት የሚወጣበት አገር ነበር። ገበሬው በዛፍ ጥላ ሥር የነበረው ይህ መብት፣ ልጁ ኮሌጅ ሲገባ አብሮት አልገባም። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነውን የዩኒቨርሲቲያችንን ታሪክ ከተማሪው ወገን ሆኖ ላነበበ ሰው ደጋግሞ የሚመጣው ቁስል ይኸው ነው፤ ተማሪው ሳይሰማ መባረሩ።

ኮሌጁ በ1946 ዓ.ም. ቻርተር አገኘ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች በንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ዕድል የመጡ አፍሪካውያን ተማሪዎች ግቢውን ተቀላቀሉ። አገራቸው ከቅኝ ገዢ ጋር እየተሟገተች ያደጉ ልጆች ስለነበሩ መናገርና መሰብሰብ አያስፈራቸውም። የኢትዮጵያውያኑ ተማሪዎች አንደበት የተፈታው በእነሱ ምክንያት ብቻ ነው የሚለው አባባል የተጋነነ ይመስለኛል። ሆኖም አንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ አብሮ ማደር የሚያስተምረውን መጽሐፍ አያስተምረውም።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ ንጉሠ ነገሥቱን ለመገልበጥ ሲነሡ የኮሌጁ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ደገፏቸው። ሙከራው ከሸፈ። ተማሪዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ማሯቸው። ጥፋቱን ዘርዝሮ፣ መልስ ተቀብሎ የወሰነ አካል አልነበረም። ምሕረት ደግሞ መብት አይደለም፤ ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ባልፈለገ ጊዜ ይከለክለዋል።

ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ተመረቀ። የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ የመጨረሻ ደም የፈሰሰበት ቤት የእውቀት ቤት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም ተሾሙ። የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ያገቡ ሰው ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲውና ቤተ መንግሥቱ የጋብቻ ዝምድናም ነበራቸው።

በዚያው ዘመን የኮሌጅ ቀን የሚባለው በዓል የግጥም ውድድር ነበረው፤ ጃንሆይም እየተገኙ ያዳምጡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ በ1953 «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ካነበበ ወዲህ መድረኩ የለዘብታ መድረክ መሆኑ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት የተነበቡት ግጥሞች ቁጣ አስነሡ፤ ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ። ቀጥሎም አዳሪነት ቀረና ተማሪው ቤት ፈልጎ ከተማ ውስጥ እንዲኖር ተደረገ። ውሳኔው ግቢውን ለማብረድ የታሰበ ከነበረ ያመጣው ተቃራኒውን ነው። በአጥር ውስጥ ይኖር የነበረው ወጣት ከአከራዩ፣ ከጉልት ነጋዴዋ፣ ከሥራ ፈላጊው ጋር መኖር ጀመረ።

በ1956 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው አንድ ትልቅ ግዴታ በተማሪው ላይ ጣለ፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል አለበት፤ ያላገለገለ ዲግሪ የለውም። አብዛኛው የተመደበው በመምህርነት ነበር። ስለ ተማሪ ግዴታ ሲወራ በታሪካችን ከዚህ የበለጠ ፍሬ ያፈራ አላውቅም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በአንድ የወረዳ ከተማ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሰባ ሕፃን ፊት ይቆማል፤ ማታ በኩራዝ ደብተር ያርማል፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ጭሰኛው ከምርቱ ምን ያህሉን ለባለመሬት እንደሚሰፍር በዓይኑ ያያል። ሲመለስ የሚጽፈው ጽሑፍ ሌላ ነው። አስተዳደሩ መምህር ላከ፤ የተመለሰለት ጠያቂ ነበር።

የካቲት 18 ቀን 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ፓርላማው ፊት ተሰልፈው «መሬት ለአራሹ» አሉ። በዓመቱ ደግሞ ተማሪዎቹ፣ ለማኞች ሾላ በሚባል ሠፈር ተሰብስበው በመከራ መኖራቸውን ተቃውመው ወጡ። በየሰልፉ ማግስት የሚሆነው አንድ ነው፤ መሪ ናቸው የተባሉት ይታገዳሉ፣ ቀሪው «ይመለሱ» እያለ ትምህርት ያቆማል። በ1959 የካቲት መንግሥት የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ አወጣና ማንም ሰልፈኛ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረገ። ሚያዝያ ላይ ተማሪዎች ያንኑ አዋጅ ተቃውመው ተነሡ፤ ፖሊስ ግቢ ገብቶ ደበደባቸው። በየካምፓሱ ተበታትነው የነበሩት ማኅበራትም በዚያ ዓመት ተባብረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ሆኑ፤ «ስትራግል» የሚባለው ጋዜጣም የማኅበሩ ድምፅ ሆነ። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት በተማሪዎች ተቃውሞ ሲበጠበጥ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ማኅበሩም ታገደ። የትርኢቱን ተመልካቾች ማዋከባቸው ትክክል ነበር አልልም፤ በተለይ ሴቶቹ ላይ የተሰነዘረው ስድብ የሚያሳፍር ነው። ነገር ግን በጥቂት ሰዎች ጥፋት አንድን ማኅበር በሙሉ መዝጋት ቅጣት ሳይሆን አጋጣሚን መጠቀም ነበር።

በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ጥላሁን ግዛው፣ እገዳው የተነሣለት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ባለፈው ዓመት ተወዳድሮ ተሸንፎ ነበር፤ ሽንፈቱን ተቀብሎ እንደገና ተወዳደረ። ተማሪው በራሱ ማኅበር ውስጥ አገሪቱ የማታውቀውን ነገር እየተለማመደ እንደነበር ይህ ብቻ ይበቃል። ኅዳር ላይ «ስትራግል» የዋለልኝ መኮንንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ አወጣ። መንግሥት ከዚያ ወዲህ ጋዜጣውን እንደ ተማሪ ጋዜጣ ማየት አቆመ።

ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ ጥላሁን አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታና ሞተ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል ወስደው ስድስት ኪሎ ግቢ አገቡት። ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ልጆች ግቢውን ሞሉት፤ አስከሬኑን ከበው ያለቅሳሉ፣ ይናገራሉ፣ ይዘፍናሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት በሰጡት ቤት ደጅ ላይ የክብር ዘበኛ ወታደር ቆመ። ጥይት ተተኮሰ፤ ሳንጃም ተመዘዘ። ብዙ ተማሪዎች ቆሰሉ፤ የሞቱም አሉ። አስከሬኑ ተነጥቆ ወደ ማይጨው ተወሰደ። የዚያን ቀን የተዘጋው ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ማኅበሩም ጋዜጣውም አልነበሩም። ገዳዩ ማን እንደሆነ ችሎት ቆሞ አልተመረመረም።

የካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ተማሪው ከፊት ነበር። ደርግ ግን ሥልጣን በያዘ በወራት ውስጥ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻን አውጆ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ያወጣው የአገልግሎት ደንብ ነበር፤ ይኸኛው የወታደር ትእዛዝ ነው። ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም፣ ሥራም አያገኝም። መደበኛው ትምህርት ሁለት ዓመት ያህል ቆሞ፣ ዩኒቨርሲቲው ስሙን ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀይሮ ሲመለስ፣ ተማሪው የተመለሰው ወደ ቀይ ሽብር ነበር። በዚያ ዘመን ስለ ተማሪ መብት መጻፍ ከባድ ነው፤ የመኖር መብት እንኳ አልነበረምና። በ1969 የወጣው አዋጅ ቁጥር 109 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በአንድ ኮሚሽን ሥር አዋለ። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የሁሉም ተማሪ ኮርስ ሆነ፤ ተመራቂውም መንግሥት ወደመደበው ቦታ ይሄድ ነበር። ሥራ አጥ ምሩቅ አለመኖሩን የሚያነሡ ሰዎች አሉ፤ እውነት ነው። የተመደበበትን አልፈልግም ያለ ግን የሚናገርበት መድረክ አልነበረውም።

ደርግ ሊወድቅ ሲል በ1983 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ደብተራቸውን አስቀምጠው ብላቴ ማሠልጠኛ እንዲገቡ ተደረገ። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲወጡ ብዙዎቹ ወጣቶች ያለ አለቃ ቀርተው በእግራቸው ኬንያ ገቡ። ለፈተና ሲዘጋጁ የነበሩ ልጆች የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ራሳቸውን አገኙ።

አዲሱ መንግሥት የመናገር ነጻነት አወጀ፤ ተማሪውም አመነ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊን ጉብኝት ተቃውሞ ሰልፍ ሲወጣ ተተኮሰበት፤ ሰው ሞተ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ 42 መምህራን በደብዳቤ ተሰናበቱ። ከእነሱ አንዱ በሕክምና ፋኩልቲው ምሥረታ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። የዕድሜ ልክ አገልግሎት በአንድ ገጽ ደብዳቤ አለቀ። መምህሩ እንዲህ ከተባረረ ተማሪው ምን ዋስትና አለው የሚለው ጥያቄ ያኔ ግቢ ውስጥ ቀረ።

መልሱ በስምንተኛው ዓመት መጣ። በ1993 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚ ነጻነት ለተማሪዎች ንግግር አደረጉ። ሚያዝያ ላይ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው የጠየቁት ዛሬ ሲነበብ እንኳ የሚያስደነግጥ ነገር የለበትም፤ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችን በነጻነት ይደራጅ፣ የተዘጋው ጋዜጣችን ይከፈት። ከፊሉ ላይ መግባባት ቢኖርም በፖሊሱ ጉዳይ ስምምነት አልተገኘም። ሚያዝያ 9 እና 10 ከተማው ተናወጠ። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸውን የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ዘገቡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተያዙ። ሁለቱ ምሁራን ተማሪ አነሣሥታችኋል ተብለው ሚያዝያ 30 ታሰሩ። ከተማሪዎቹ ብዙዎች ዓመቱ አመለጣቸው፤ ኬንያና ጅቡቲ የተሰደዱም ነበሩ። እኔ ይህንን ታሪክ ሳነብ የሚከብደኝ የጥያቄዎቹ ልክ ነው። ሦስቱም ማንኛውም የተማሪ መመሪያ መጽሐፍ ሊመልሳቸው የሚችላቸው ነበሩ።

ሕጉ ከዚያ በኋላ መጣ። አዋጅ ቁጥር 351/1995፣ ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 650/2001፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተማሪን መብትና ግዴታ በአንቀጽ አስቀመጡ። ማኅበር ማቋቋም፣ ሐሳብን መግለጽ፣ መምህርን መገምገም፣ ቅሬታ ማቅረብና ይግባኝ ማለት መብት ሆኑ፤ ትምህርትን በትጋት መከታተል፣ የተቋሙን ንብረት መጠበቅ፣ የሌላውን መብት ማክበር ግዴታ። በዚያው በ1995 ደንብ ቁጥር 91 የወጪ መጋራትን አመጣ፤ የቀን ተማሪም ሆነ አዳሪ ምግቡንና መኝታውን ከተጠቀመ ሙሉ ወጪውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ደነገገ። ተማሪው ውል ፈርሞ የሚገባ ባለዕዳ ሆነ። ባለዕዳ ደግሞ ለሚከፍልበት ነገር ጠያቂ መሆን አለበት።

የወረቀቱ መብት ግቢ ውስጥ ምን ይመስላል? ተማሪው ከሚያውቀው ቃል ብጀምር፤ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ዲስሚሳል (ስንብት)፣ ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ)። ለመመረቅ ድምር ውጤቱ 2.00 መድረስ አለበት፤ ሴሚስተሩ ካልሞላለት ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም ስንብት ይከተላል። አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ በጠበቀው ቢ ፈንታ ዲ ሲወጣበት የሚያደርገውን አስቡት። መጀመሪያ መምህሩን ይፈልጋል፤ መምህሩ ፈተና እያረሙ ወይም ሌላ ከተማ ናቸው። ማመልከቻ ጽፎ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይሄዳል፤ ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ና» ትለዋለች። የፈተና ወረቀቱን ማየት መብቱ መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ በቀናት የተገደበ መሆኑን የሚሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ከዶርም ጓደኛው ነው። የሴኔቱ ሕግ በመቶዎች ገጽ የሚቆጠር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ ነው፤ ከገጠር የመጣ ልጅ አንድም ቀን በእጁ አይይዘውም። ሬጅስትራር ጋ ሲደርስ ስሙ ተሰናባቾች ዝርዝር ውስጥ ነው። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ የላከው ልጅ ሻንጣውን ይዞ መናኸሪያ ይገኛል።

በዲሲፕሊን ጉዳይ ሕጉ የተሻለ ነው። ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፣ መልስ ይሰጣል፣ ምስክር ያቀርባል፣ ኮሚቴው ይወስናል፣ ይግባኝ ይላል። ሰላም ባለበት ጊዜ ይህ ይሠራል፤ በኩረጃና በጠብ ጉዳዮች ላይ ተማሪዎች ተከራክረው የተመለሱበት ጊዜ አለ። ችግሩ ግቢው ሲታወክ ነው። ሁከት በተነሣ ሳምንት ስም ዝርዝር በጅምላ ይወጣል፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከውሳኔው በኋላ ይሆናል።

ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ከደምቢ ዶሎ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች እናቶች ልቅሶ አገሩን አዳረሰ። የፌዴራል ፖሊስ ወደ ግቢዎች ገባ። በ1993 ተማሪው ፖሊስ ይውጣ ብሎ ሞተ፤ በ2012 ወላጅ ፖሊስ ይግባ ብሎ ለመነ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ተማሪ በመንግሥት ጥይትም ሆነ በዶርም ጓደኛው ዱላ መሞት የለበትም። በ2012 የተሠራው ስህተት ሌላ ነው። ገዳዮቹን ለይቶ፣ ከስሶ፣ ማስረጃ ሰምቶ መፍረድ ሲገባ፣ ብዙ ንጹሓን በፍርሃት ትምህርታቸውን ጥለው ወጡ፤ ለጠፋባቸው ጊዜም የካሳቸው የለም።

በ2015 ሁለት ነገሮች ተደራርበው መጡ። ሐምሌ ላይ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዘርፎች ተሰጠ፤ ቀደም ሲል እንደ ሕግ ያሉ ጥቂት የትምህርት ዘርፎች ብቻ ነበሩት። ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ናቸው። የትምህርት ጥራት መውደቁ ሐቅ ነው፤ በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ አስደንግጦናል። ፈተናው መኖሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን ሐምሌ 2015 የተፈተነው ተማሪ ሲመዘገብ ኮርሶቹን ካለፈ ዲግሪ እንደሚያገኝ ተነግሮት የገባ ነው። ደንቡ ከገባ በኋላ ተቀየረበት። አዲስ ደንብ ከአዲስ ገቢ ጀምሮ ቢሠራ፣ ለነባሩ መሸጋገሪያ ቢበጅለት፣ የጥራቱ ዓላማ አይጎዳም ነበር። ያን ጊዜ የተማሪዎች ማኅበር ተወካዮች ሊያነሡት የሚገባው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነበር።

ሁለተኛው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ነው፤ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲን የፈጠረው ሕግ። የመጀመሪያው ራስ ገዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪውን በራሱ መመዘኛ መምረጥ፣ ገቢውን ማስተዳደር፣ ውስጣዊ ደንቡን ማውጣት አሁን የራሱ ነው። ከ1943 ጀምሮ ግቢው ሲናፍቀው የኖረው ነጻነት ነው፤ ከሚኒስቴር ወደ ዩኒቨርሲቲው ቦርድና ሴኔት የወረደ ሥልጣን። ከዚያ ወደ ተማሪው ምን ያህል እንደሚወርድ የሚታወቀው ግን በሚቀጥሉት ዓመታት በሚወጡት ደንቦች ነው፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ውስጥ ተማሪ ድምፅ ይዞ ይቀመጥ እንደሆነ፣ የስንብት ደብዳቤ ከይግባኙ በፊት ይሠራ ወይም ከይግባኙ በኋላ፣ ደንቡ ገና በር ላይ ለሚቆመው አዲስ ገቢ በሚገባው ቋንቋ ይሰጠው እንደሆነ።